የሾኳን ቀለበት ማን ያዙራት?

ደባርቅ መናኸሪያ አካባቢ የቆሙ ሞተሮችን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። ባዶአቸውን ሲቆሙ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሞተረኛው ከፊት፣ አንድ መንገደኛ ከኋላው፣ ከመንገደኛው ኋላ ደግሞ በላስቲክ የታሰረ ጆንያ ገብስ ሲጨመር ግን ሞተሩ በኋላ እግሩ ቁጢጥ ይላል። የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ጉዞውም በዚሁ ሁኔታ ይጀመራል። ዳባት ብትሄዱም ያው ነው።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ በተገጠሙት ሾኮች ላይ፣ ሞተሩን ለተሸከመው ክብደት የምታስተካክል አንዲት ቀለበት አለች። እሷን ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜም ቢሆን ከአምስት ደቂቃ ብዙ አያልፍም። እኔ ያነጋገርኳቸው አብዛኞቹ ሞተረኞች ግን ሞተሩን ከገዙ ወይም ከተከራዩ ቀን ጀምሮ ነክተዋት አያውቁም። አንዳንዶቹ መኖሯንም አልሰሙም። ይህን የሞተረኛው ስንፍና ብቻ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። ሞተሩን የሚሸጠው፣ የሚያከራየው፣ የሚጠግነው፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስተምረውና ለሠራተኛው የሚያስረክበው ሁሉ በጋራ የረሷት ቀለበት ናት። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ በወገቡ፣ በኪሱ፣ ሲብስም በሕይወቱ።

ሞተር እዚህ አገር

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚገባው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ስትሉ ግን ጠጠርና ኮረኮንች ይቀበላችኋል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው መንገድ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ሰሜን ደግሞ ሊማሊሞ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው።

በዚህ አገር ላይ ሞተር የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። አውቶብስ የማይደርስበት ቀበሌ መምህሩን የሚያደርሰው ሞተር ነው። ነፍሰ ጡሯን ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት፣ የታመመ ከብት ጋ የእንስሳት ሐኪሙን የሚወስደው፣ የሱቁን ስኳርና ሳሙና የሚያመላልሰው እሱ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ በቱሪስት ዙሪያ ለሚኖረው አስጎብኚና ምግብ አብሳይም ቢሆን ሞተር እግሩ ነው። ሥራ አጥቶ ከተማ ላይ ለሚንከራተት ወጣት ደግሞ የመጀመሪያው የገቢ ምንጭ ይሆናል።

ስለ ሞተር በሚዲያ የሚወራው ግን ሌላ ነው። ወይ ስርቆት፣ ወይ አደጋ፣ ወይ እገዳ። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲታገድ የተነሣው ምክንያት ወንጀል ነበር። የራስ ቁር አድርጉ፣ ታርጋ አውጡ፣ ከልክ በላይ አትጫኑ ይባላል፤ መባልም አለበት። ሞተሩ ለሚነዳው ሰው ተስተካክሏል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልሰማሁም።

ሞላው ይሸከማል፣ ዘይቱ ያረጋጋል

መካኒኮቻችን ሞላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ የሚሏቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሊማሊሞን የሠራው ዘመን ቃላቱንም ትቶልን ሄዷል። ከነዚህ ውስጥ ዛሬ የምንፈልገው ሞላን ነው።

የሞተር ሾክ (ሙሉ ስሙ ሾክ አብዞርበር) ሁለት ነገር ባንድ ላይ ነው። ከውጭ የሚታየው ጥምዝምዝ ብረት ሞላው ነው። ሥራው ክብደት መሸከምና ጉድጓድ ሲያገኝ መጨማተር ነው። ውስጥ ያለው ቱቦ ደግሞ ዘይት አለው። የሱ ሥራ ሞላው ከተጨማተረ በኋላ እንዳሻው እንዳይዘል መያዝ ነው። ሞላ ብቻ ቢኖር ሞተሩ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር፤ ዘይት ብቻ ቢኖር ደግሞ ወርዶ ይቀር ነበር።

ቀለበቷ ያለችው ከሞላው ግርጌ ነው። በአነስተኛ የንግድ ሞተሮች ላይ፣ ማለትም ቦክሰርና ቲቪኤስን በመሳሰሉት ባለ 100፣ ባለ 125ና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ እንደ ደረጃ የተቆረጡ አምስት ያህል እርከኖች አሏት። ወደ ላይኛው እርከን ስትዞር ሞላውን ከታች ወደ ላይ ገፍታ አስቀድማ ትወጥረዋለች። ስለዚህ ሰውና ዕቃ ሲጫን ኋላው ብዙ አይወርድም። ወደ ታችኛው ስትመለስ ውጥረቱ ይላላል፤ ቀላል ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ሞተሩ በቂ ያህል ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ቀለበቷን ማጥበቅ ሞላውን ጠንካራ አያደርገውም፤ ሞላው ያው ሞላ ነው። የሚለወጠው ሞተሩ ሥራውን የሚጀምርበት ቁመት ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ለመጨማተር የቀረው ቦታ ስንት እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት። ደረጃ ላይ ቆማችሁ ልትዘሉ ስትሉ ጉልበታችሁ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ከሆነ ከዚያ በላይ የምታጥፉት የለም አይደል? ሞተሩም እንደዚያው ነው።

ካልተስተካከለ ምን ይሆናል?

ሒሳቡን በቀላሉ እንሥራው። ሞተረኛው 60 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ብቻውን ሲሄድ ሾኩ የሚሸከመው ለሱ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን መንገደኛ ሲጨምር ጭነቱ 125 ኪሎ ሆነ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የተጨመረው ክብደት ደግሞ እኩል አይከፋፈልም፤ አብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው። ሻንጣው ወይም ጆንያው ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ ከተንጠለጠለማ እንደ ዥዋዥዌ ጣውላ የፊቱን ወደ ላይ ያነሣዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ተከታታይ ነው። ፊቱ ስለቀለለ መሪው ይዋልላል፤ በጠጠር ላይ ስትጠመዝዙት ዘግይቶ ይታዘዛል። ፊቱ ላይ ክብደት ስላነሰ የፊት ፍሬን መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። ማታ ከሆነ መብራቱ ከፊታችሁ ያለውን ጉድጓድ ትቶ የመጪውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ሾኩ በትንሽ ጉድጓድ መጨረሻው ድረስ ወርዶ «ጓ!» ይላል። ያ ምት ወዴት ይሄዳል? አንድም ወደ ቸርኬውና ወደ ሻሲው ብየዳ፣ አንድም ወደ ሞተረኛውና ወደ መንገደኛው አከርካሪ። ሰንሰለቱም ኋላው ሲወርድ ውጥረቱ ይለወጣል፣ ቶሎ ይበላል።

ተቃራኒውም ጉዳት አለው። «ሁሌ ስለምጭን በቃ መጨረሻው ላይ ላድርገው» ብሎ ቀለበቷን አምስተኛው ላይ የቆለፈ ሞተረኛ፣ መንገደኛውን አውርዶ ባዶውን ሲመለስ ኋላው ጠጠር ላይ ይንጣጣል። የዘለለ ጎማ መሬት አልነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። ከዚህ የባሰው በሞላው ጥምዝ መካከል የጎማ ቁራጭ መሸጎጥ ነው። ሞላው በነፃነት እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ ጭነቱን ባልተሸጎጠበት በኩል አከማችቶ እንዲሰበርም ያቀርበዋል።

አሁን ይህን ሁሉ ሊማሊሞ ላይ አስቡት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሮጣል፤ የፊት ሾኩ ይጠልቃል። ኋላው ቀድሞ ወርዶ ለተቀመጠ ሞተር ይህ ማለት በየኩርባው ፊቱ ሲጠልቅ፣ ፍሬን ሲለቀቅ ደግሞ ሲነሣ፣ እንደ ጀልባ መናወጥ ነው። ኩርባው ጠባብ፣ ጠርዙ ገደል ነው። ኋላው በልኩ የቆመ ሞተር ግን ቁልቁለቱን ተረጋግቶ ይወርዳል። በአንዲት ቀለበት ሊማሊሞ ሜዳ ይሆናል አላልኩም። ገደል ዳር ላይ ሞተሩ የሚታዘዝበትና የማይታዘዝበት ልዩነት ግን ከንደዚህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚጠራቀም ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል።

በሜትርና በስልካችሁ መለካት

ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ጓደኛና ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ አስሞሉ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ሁሉንም ልኬት ያበላሻል። ስንት መሆን እንዳለበት ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ለአንድ ሰውና ለሁለት ሰው የተለያየ መሆኑንም ልብ በሉ።

ቀጥሎ ሞተሩን ባለ ሁለት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቁሙና የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ። ከጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ፣ ወንበሩ ስር እስከመረጣችሁት አንድ ምልክት ድረስ ለኩ። በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

ከዚያ ሞተሩን አውርዱት። ሁልጊዜ እንደምትነዱት ልብሳችሁን፣ ጃኬታችሁን፣ የራስ ቁራችሁን አድርጋችሁ ተቀመጡ። መንገደኛ የምትጭኑ ከሆነ መንገደኛውም ይቀመጥ። አንዴ ሁለቴ ወደ ታች ተጫኑትና ይረጋጋ። ጓደኛችሁ ያንኑ ርቀት እንደገና ይለካ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስትቀንሱ የሚመጣው ሞተሩ በእናንተ ክብደት የወረደው ልክ ነው።

ስንት ይሁን? በዓለም ዙሪያ ሞተር የሚያስተካክሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት መነሻ፣ ሾኩ መውረድ ከሚችለው ጠቅላላ ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ በተቀመጠው ሰው ክብደት ይውረድ የሚል ነው። በነዚህ አነስተኛ ሞተሮች ላይ የኋላው ጎማ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 3 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ወደ 4 ቢጠጋ አትደንግጡ። 5ና 6 ከሆነ ግን ግማሹን ጉዞ ቆማችሁ ጨርሳችሁታል።

ለማዞር ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቁልፍ ያስፈልጋል። ሞተሩ አዲስ ሲገዛ ከመፍቻዎቹ ጋር ይመጣል። ከጠፋባችሁ ጋራዥ ውስጥ አታጡትም። በካቻቪቴና በመዶሻ እየመታችሁ ግን አታዙሯት፤ ጥርሷ ከተበላ አለቀላት። ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ጭነቱን አውርዱ፣ ሞተሩን ማቆሚያው ላይ አቁሙ። አንድ እርከን ብቻ አዙሩና እንደገና ለኩ። ግራና ቀኙ የግድ አንድ ዓይነት እርከን ላይ ይሁኑ። አንዱ ሁለት፣ ሌላው አራት ላይ ከሆነ ሞተሩ ይጣመማል።

አንድ የስልክ ዘዴም ልጨምር። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ጓደኛችሁ ከጎን፣ ከአንድ ቦታ ሆኖ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሳ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስታዩ ከሜትሩ በላይ ያሳምናችኋል። ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉት ነገር ካጣችሁ ይህን ለጥፉ፤ ቢያንስ አንድ ሞተረኛ ወገቡን ያድናል።

ቀለበቷ የማትሠራው

ቀለበቷ ለሁሉ መድኃኒት አይደለችም። ወንበሩን በኃይል ወደ ታች ተጭናችሁ ስትለቁት ሞተሩ አንዴ ተነሥቶ መርጋት አለበት። ሁለቴ ሦስቴ ከነጠረ ዘይቱ አልቋል ወይም ደክሟል። በሾኩ ዘንግ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካያችሁ ጉሚኒው ፈሷል። ይህን ሞላ በመወጠር ማስተካከል አይቻልም። እንዲያውም ያረጀ ሾክ ላይ ሞላውን ብትወጥሩት ንጥረቱ ይብሳል። መፍትሔው መለወጥ ነው፤ ሲለወጥም ሁለቱም ባንድ ላይ።

የፊት ሾኮቹም አሉ። በአብዛኞቹ ርካሽ ሞተሮች ላይ የፊቱ ማስተካከያ ቀለበት የለውም። ዘይት ግን አለው፤ ዘይቱም ያረጃል። የሞተሩን ዘይት በየጊዜው የሚለውጥ ሰው የፊት ሾኩን ዘይት ዓመታት ሲረሳ አያለሁ። ጉሚኒው ከፈሰሰ ደግሞ ዘይቱ ወርዶ የፊት ፍሬኑ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ዘይት የነካው ፍሬን ይዞ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ለደባርቅ ልጅ አልነግረውም።

ታዲያ ለምን አይደረግም?

ነፃ የሆነና ጥቅም ያለው ነገር ሰው ሳይጠቀምበት ሲቀር ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይጠራጠራል። ወይ መረጃው የለም፣ ወይ ጥቅሙና ወጪው የተለያዩ ሰዎች ጋ ናቸው ማለት ነው። እዚህ ሁለቱም አሉ።

መረጃውን እንመልከት። ሞተሩ ሲሸጥ መመሪያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ከተረከቡት። ሻጩ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና ስለ ጉልበቱ ያወራል እንጂ «ስንት ኪሎ ነህ? ምን ልትጭን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱ የትራፊክ ምልክትና ስምንት ቁጥር መዞር ላይ ያተኩራል። ጋራዥ ሄዶ የሚጠይቅም ሆነ የሚያስከፍል ስለሌለ፣ መካኒኩ ራሱ ካልፈሰሰና ካልተሰበረ በስተቀር ሾክ አይነካም።

ሁለተኛው ይብሳል። ብዙ ወጣት የሚነዳው የራሱን ሞተር አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ሞተሩ ላይ አይቀመጥም፤ ወገቡን የሚያመው ሌላ ሰው ነው። ነጂው ደግሞ ሞተሩ የሱ ስላልሆነ ስለ ቸርኬውና ስለ ሻሲው ዕድሜ አይጨነቅም፤ ነገ ሌላ ሊነዳው ይችላል። አንዱ ሕመሙ አይሰማውም፣ ሌላው ንብረቱ አይቆረቁረውም። በመካከል ቀለበቷ ዝጋ ትቀራለች።

ባለቤቶችን ግን አንድ ነገር ሊያሳስባቸው ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሾኩ፣ ቸርኬው፣ ሰንሰለቱ፣ ኩሽኔታው ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ያልተስተካከለ ሞተር የሚበላው እነዚህን ነው። ቀለበቷን ለማዞር ግን ዶላር አያስፈልግም። በዚህ ዘመን በነፃ የቀረች የጥገና ሥራ ብትኖር እሷ ናት።

የመሥሪያ ቤት ሞተር

ለብቻው ማንሣት የምፈልገው የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን ነው። ለግብርና ባለሙያ፣ ለጤና ሠራተኛ፣ ለፕሮጀክት ሠራተኛ የሚሰጡት ብዙዎቹ ከፍ ያሉ የገጠር ሞተሮች ናቸው። ለኮረኮንቹ ጥሩ ናቸው፤ ሾካቸው ረጅም ነው፣ ሆዳቸው ድንጋይ አይነካም። ግን ቁመታቸውም የዚያኑ ያህል ነው። አጠር ያለ ሰው፣ በተለይ ብዙ ሴት ባለሙያዎች፣ ተቀምጠው ሁለት እግራቸውን መሬት ማስነካት ይቸግራቸዋል። ዳገት ላይ ቆማችሁ፣ አንድ እግር ብቻ በጣት ጫፍ መሬት ነክቶ፣ ከፊት ላም ስታቋርጥ አስቡት።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ሞተር አትችልም» የሚል ነው። ሞተሩ ለ85 ኪሎ ሰው ተወጥሮ ለ50 ኪሎ ሰው ከተሰጠ ግን ያልቻለው ማን ነው? 50 ኪሎ የምትመዝን ባለሙያ ስትቀመጥበት ሞላው በቂ ያህል አይወርድላትም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎባት ይቀራል። በነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሾክ ብቻ ከወንበሩ ስር ይገኛል፤ የሚስተካከለውም በጥርስ በሚዞር ዳዶ ነው። እሱን ለክብደቷ ማላላት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያወርድላታል። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ማለት በጣት ጫፍና በሙሉ ጫማ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል። ያለ ልክ ማላላት ግን ሾኩን ከታች እንዲመታ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እዚህም በሜትር ነው። ይህ ቀላል ነገር ሳይሞከር አንዲትን ሴት ከመስክ ሥራ ማስቀረት፣ ከዕድገትና ከአበል ማስቀረት ጭምር ነው።

«ችግሩ መንገዱ ነው» ለሚሉኝ

ይህን ሳነሣ ሁለት መልስ ይሰጠኛል። አንደኛው «ወንድሜ፣ ችግሩ መንገዱ ነው እንጂ ሾኩ መች ሆነ» የሚል ነው። እውነት አለው። መንገዱን ግን ሞተረኛው ነገ ጠዋት ሊያስተካክለው አይችልም፤ ቀለበቷን ይችላል። መንገዱ መጥፎ መሆኑ ሞተሩን ለማስተካከል ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ለመተው ሰበብ አይሆንም። አስፋልት ላይ ያልተስተካከለ ሾክ ምቾት ይነሳል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ይጥላል።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ነው። «ይህን ብታስተምራቸው ከልክ በላይ መጫንን ታበረታታለህ» ይሉኛል። ስጋቱ ይገባኛል። ከላይ ባነሣነው 125 ኪሎ ላይ ግማሽ ኩንታል ብትጨምሩበት 175 ኪሎ ይሆናል፤ የነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ የፋብሪካ ገደብ ደግሞ ከ150 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ቀለበቷ ይህን አታድንም። ፍሬኑንም፣ ጎማውንም፣ ሻሲውንም አታጠነክርም። እንዲያውም መለካቱ ነው ገደቡን የሚያሳየው። ቀለበቷን የመጨረሻው እርከን ላይ አድርጋችሁ፣ ጭነታችሁን ጭናችሁ፣ አሁንም ሞተሩ 5 እና 6 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ሞተሩ በግልጽ እየነገራችሁ ነው። ጆንያው ይውረድ፣ ወይ መንገደኛው ሌላ ሞተር ይያዝ። «አትጫን» ከሚለው ቁጣ ይልቅ ሜትሩ የሚናገረው የሚሰማ ይመስለኛል።

ይህ ዕውቀት ለኛ ሰው አዲስ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ በቅሎ የሚጭን ሰው ጆንያውን እንዲያው አይወረውርም። መደላድሉን ያስተካክላል፣ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፣ ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለት ሲጀምር ቆም ብሎ እንደገና ያያል። ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ምን ያህል እንደምታከስር ያውቃላ! የሞተር ጀርባ ስለማይደማ ነው የረሳነው።

ማን ምን ያድርግ?

ሞተር ሻጮች ሞተሩን ሲያስረክቡ ገዢውን አስቀምጠው፣ ለክተው፣ ቀለበቷን አዙረው ያሳዩት። የሚያስወጣቸው አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያተርፉት ደንበኛ ነው።

ጋራዦች ይህን ሥራ አድርጋችሁ ዋጋ አውጡለት። መጠነኛ ገንዘብ ተቀበሉበት፤ ነውር የለውም። ዋጋ የሌለው ሥራ ሠሪም የለውም። የገበያ ቀን ጠዋት ደባርቅ ወይም ዳባት መግቢያ ላይ ሜትርና መንጠቆ ቁልፍ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ቢኖር ሥራ የሚያጣ አይመስለኝም።

ባለቤቶች ነጂውን ስትቀጥሩ «ገቢ ስንት ታስገባለህ» ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ «ስንት ኪሎ ነህ» በሉት። የማሠልጠኛ ተቋማት ከስምንት ቁጥሩ ጎን ለጎን አንዲት ሰዓት ለዚህ ስጡ። መሥሪያ ቤቶች ሞተር ስታስረክቡ ከርክክቡ ቅጽ ላይ «ለተረካቢው ክብደትና ቁመት ተስተካክሏል» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ የንብረት ክፍሉ ፊርማ ይኑርበት።

እናንተ ደግሞ ይህን ስልካችሁ ላይ የምታነቡ ሞተረኞች፣ ወይም ወንድማችሁ ሞተረኛ የሆነ፣ ማንንም አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከጎኑ ቁጢጥ ብላችሁ የሾኩን ግርጌ እዩ። ጭቃውን ጥረጉት። ቀለበቷ ስንተኛው እርከን ላይ እንዳለች ቁጠሩ፤ ግራና ቀኙም እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ሜትር ፈልጉ።